ጤፍ የለመደው መኪና

ውድ አንባቢያን፣ «በቤተሰብ መጽሔት ላይ ስለ መኪና ባሌስትራ ምን ያስጽፋል?» የሚል አይጠፋም። እኔም ብዕር ሳነሳ ይኸው ጥያቄ መጥቶብኝ ነበር። ነገር ግን በየገጠሩ ከተማ እንደ እኛ አሮጌ መኪና ያለው ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። በዚያ መኪና ላይ ወገቧን የሚያማት እናት ትሳፈራለች፤ ነፍሰ ጡር እህት ትሳፈራለች፤ የቀዶ ጥገና ቁስሉ ያልሻረለት አባት ይሳፈራል። እኛ ቤት የደረሰውን ብጽፈው አንድ ሰው እንኳ ከመንገጫገጭ ያርፍ ይሆናል ብዬ ነው።

የምንኖረው ሉማሜ ነው። ሉማሜ በምሥራቅ ጎጃም የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ የዓባይን በረሃ አቋርጦ፣ በደጀን በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ትገኛለች። ዋናው መንገድ አስፋልት ነው። ከአስፋልቱ ከወጡ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደጋው መረሬ አፈር በመሆኑ በክረምት ጎማ ይውጣል፤ በበጋ ደግሞ ጎማ የቆፈረው ቦይ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይጠብቅዎታል። ወደ ዓባይ የሚወርደው ቆላ ጠጠርና ቋጥኝ ነው።

አባቴ እህል ነጋዴ ነበሩ። በ1995 ዓ.ም. አንድ ያገለገለ ላንድክሩዘር በጨረታ ገዙ። ኤችዜድጄ 75 የሚባለው ረጅሙ ሀርድ ቶፕ ነው፤ ባለ ስድስት ሲሊንደርና 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ የቆመ። አባቴ የኋላውን አግዳሚ ወንበሮች አስነሥተው ከየቀበሌው የገዙትን ጤፍ ይጭኑበት ጀመር። እስከ 10 ኩንታል ይጭኑ ነበር። ኋላው ሲጎብጥባቸው ባሌስትራ አስጨመሩ። ከዓመታት በኋላ ደግመው አስጨመሩ። መኪናው ከዚያ ወዲህ ተጭኖም ቢሆን ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር፤ አባቴም ይኮሩበት ነበር።

በ2008 ዓ.ም. አባቴ ወደ አኼራ ሄዱ። መኪናውም ንግዱም በእኔ እጅ ወደቀ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ እናቴን ወገቧን አመማት። ሐኪሙ የወገቧ ዲስክ መጎዳቱን ነግሮን፣ በየሳምንቱ ደብረ ማርቆስ እየተመላለሰች የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና እንድትከታተል አዘዘ። መንገዱ በአምበር በኩል አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እኔም ወንበሮቹን መልሼ አስገጠምኩና «የራሳችን መኪና እያለን ምን ቸገረን» አልኩ።

ሁለት ጊዜ ሄድን። በሦስተኛው ሳምንት «እማ፣ ዛሬ ቀጠሮሽ ነው» ስላት «ዛሬስ ደኅና ነኝ ልጄ፣ በሚቀጥለው እንሄዳለን» አለችኝ። በሚቀጥለውም ደኅና ሆነች። በዚያው ሰሞን ዒድ ደረሰ። እናቴ ቆላ ያለች ታላቅ እኅት አለቻት፤ ዒድን እሷ ዘንድ ሳትሄድ የቀረችበትን ዓመት አላስታውስም። በዚያ ዓመት ግን «እናንተ ሂዱ፣ ቤት የሚጠብቅ ያስፈልጋል» ብላ ቀረች። ቤታችን ጠባቂ አስፈልጎት አያውቅም።

ታናሽ እኅቴ ናት በመጨረሻ የነገረችኝ። «አንተ መሪውን ጨብጠህ አይታወቅህም። እማ ከዚህ መኪና በወረደች ቁጥር ሁለት ቀን ከአልጋ አትነሣም። እንዳትነግሪው ብላኝ ነው» አለችኝ። ሚኒባስ እንዳትሳፈር ተጠጋግቶ መቀመጥ አትችልም፤ ወደ ቆላው ደግሞ ሚኒባስ አይወርድም። እናቴ ሕክምናዋንም እኅቷንም የተወችው በእኔ መኪና ምክንያት ነበር። ይህን የሰማሁ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግሥቱ ማሰብ ሳይሆን መግዛት ጀመርኩ። «መኪና የሚያንገጫግጭ አሞርዛተሩ ሲሞት ነው» የሚል ሰምቼ ስለነበር፣ አዲስ አበባ ወርጄ አራት አዲስ አሞርዛተር ገዛሁ። ሻጩ «ለከባድ ሥራ የሚሆነውን ውሰድ» አለኝ፤ ወሰድኩ። ገንዘቡ ቀላል አልነበረም። ተገጥሞ ስነዳው መኪናው ከቀድሞው ይብስ ጠነከረ። ቀጥዬ ወፍራም ስፖንጅ አስቆርጬ ወንበሩ ላይ አነጠፍኩ። ስፖንጁ ጥቃቅኑን ንዝረት ቀነሰ እንጂ ጉድጓዱን አልቀነሰም።

ከዚያ በኋላ ነው ደብረ ማርቆስ ወደሚገኙ አንድ አዛውንት መካኒክ የሄድኩት። ነገሩን ሁሉ አጫወትኳቸው። እሳቸው ግን መኪናውን አልነኩትም። ቁልፉን ተቀበሉኝና «ከኋላ ግባ፣ እናትህ ከምትቀመጥበት» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ መንገዱን አውቀዋለሁ» አልኳቸው።

«መንገዱን ታውቃለህ፤ ወንበሩን ነው የማታውቀው» አሉኝ።

ከከተማው ጥቂት ወጣ ብለው በጠጠር መንገድ ላይ ነዱኝ። ሹፌር ጉድጓዱን አስቀድሞ ያያል፤ መሪውን ይጨብጣል፤ ሰውነቱን ያዘጋጃል። ደግሞም የሚቀመጠው በሁለቱ አክስሎች መካከል ነው። ከኋላ ያለ ሰው ግን በኋላው ጎማ አናት ላይ ነው የተቀመጠው፤ ጉድጓዱንም የሚያውቀው ሲመታው ነው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ «ይበቃኛል» አልኳቸው። ሠላሳ አምስት ዓመት ያልሞላኝ ጤነኛ ሰው ነበርኩ።

ተመልሰን ስንቆም ከኋላው ጎማ አናት እስከ ፓራፋንጎው ያለውን ቁመት በሜትር ለኩ። ከዚያ እኔንና ሁለት የጋራዡን ልጆች ከኋላ አስቀምጠው ድጋሚ ለኩት። ሦስት ሰው ተጭኖበት መኪናው የአንድ ጣት ስፋት ያህል እንኳ አልወረደም።

«አየህ፣ አሞርዛተር ልጓም ነው። የሚዘለውን ይገታል እንጂ እሱ አይዘልም። በቅሎዋ ካልተንቀሳቀሰች ልጓም ብትቀይርላት ምን ይጠቅማታል?» አሉኝ። ከዚያ አጎንብሰው የኋላውን ባሌስትራ አሳዩኝ። ከፋብሪካው ጋር ያልመጡት ብረቶች በወርዳቸውና በቀለማቸው ይለያሉ። በእያንዳንዱ ወገን ሦስት የተጨመረ ብረት ነበር። ከመካከላቸው አንደኛው ከሌሎቹ ሁሉ ወፍራም ነው። በብረቶቹ መካከል ያለው ዝገት ደግሞ ሁሉንም አጣብቆ አንድ ግንድ አስመስሏቸዋል።

እዚህ ላይ ባሌስትራ ምን እንደሆነ ጥቂት ላውሳ። ቃሉ እንደ ካምቢዮ፣ ጎሚስታና ክሪክ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ በጣሊያንኛ ባሌስትራ ማለት ቀስት መወርወሪያ መሣሪያም ነው። እንደ ቀስት የጎበጡ ብረቶች ተደራርበው ሲታሰሩ ጭነት ሲመጣ ይለጠጣሉ፤ ጭነቱ ሲነሣ ይመለሳሉ። በእንግሊዝ አገር ኦባዲያ ኤሊየት የሚባል ሰው በ1804 እ.ኤ.አ. ይህን መሰል ብረት ለፈረስ ሠረገላ በመግጠም የባለቤትነት መብት አግኝቶበታል። ነገሩ የጀመረው ተሳፋሪ እንዳይንገላታ ነው ማለት ነው።

የባሌስትራ ጥንካሬ የሚወሰነው ከሁሉ በላይ በብረቱ ውፍረት ነው። ርዝመቱና ወርዱ ሳይለወጥ ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን፣ ጥንካሬው እጥፍ ሳይሆን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ባለ 8 ሚሊ ሜትር አንድ ብረት የባለ 4 ሚሊ ሜትር ስምንት ብረቶችን ያህል ይገፋል። አባቴ «አንድ ብረት ብቻ አስጨመርኩ» ሲሉ ሳያውቁት የስንት ብረት ጥንካሬ እንዳስጨመሩ አስቡት። ይህ 10 ኩንታል ሲጫን ልክ ነው፤ ብረቱ ይለጠጣል፣ መኪናው ይለሰልሳል። ባዶውን ሲሆን ግን ጎማው የነካው ድንጋይ ሁሉ በቀጥታ ወደ ወንበሩ ይወጣል።

ሰውነታችንም የራሱ ልክ አለው። ሰው ሲራመድ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ገደማ ይረግጣል፤ ምቹ የሚባል የቤት መኪና በሰከንድ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ጊዜ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ የሚል ነው። ባሌስትራው በጠነከረ ቁጥር ይህ ምልልስ ይፈጥናል። ተቀምጦ ለሚጓዝ ሰው በጣም የሚከብደው በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ንዝረት ነው። ይህን የሚመለከተው አይኤስኦ 2631 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መጀመሪያ የወጣው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። የወገብ ሕመምተኛ «ትንሿ ንዝረት ናት የምትገድለኝ» ቢላችሁ አትጠራጠሩ።

ሥራው ሁለት ቀን ወሰደ። መካኒኩ የጀመሩት ምንም ከማያስከፍለው ነው። ጎማዎቹ ለጤፍ ጭነት እንደተነፉ 60 ነፋስ ይዘው ነበር፤ ባዶውን ወይም ከጥቂት ሰው ጋር ለሚሄድ ወደ 35 አወረዱት። «ጎማ የመጀመሪያው ባሌስትራ ነው» አሉኝ። ከዚያ በታች እንዳልወርድ ግን አስጠነቀቁኝ፤ ነፋስ ያነሰው ጎማ በአስፋልት ላይ ይግላል፣ በድንጋይ ላይ ጎኑ ይቆረጣል።

ቀጥለው ባሌስትራውን አወረዱት። ከሦስቱ ጭማሪ ሁለቱን፣ ወፍራሙን ጨምሮ፣ ከግራም ከቀኝም እኩል አወጡ። ባለ ጆሮውን ዋና ብረትና ጆሮውን የሚደግፈውን ሁለተኛውን ግን አልነኩም፤ አክስሉን ይዞ የሚያቆመው እሱ ነውና። የቀሩትን አንድ በአንድ በሽቦ ብሩሽ ጠርገው፣ በመካከላቸው ግራፋይት ያለው ግራሶ ቀቡ። ዕድሜ ያደረቃቸውን ጎሚኒዎች በአዲስ ለወጡ፤ ግራሶው ጎማውን እንዳይበላውም ጎሚኒዎቹ ላይ አላስነኩም። ዩ ቦልቶቹንም በአዲስ ተኩ።

ሲገጥሙት አንድ ነገር ልብ አልኩ። የጎሚኒዎቹን ቡሎን መኪናው በክሪክ እንደተንጠለጠለ አላጠበቁትም። መኪናው በጎማው መሬት ከያዘ በኋላ ነው ያጠበቁት። «ተንጠልጥሎ ከታሰረ ጎሚኒው ሲወርድ ይጠመዘዛል፤ እንደተጠመዘዘ ይውላል ያድራል። መኪናውም ይጠነክራል፣ ጎሚኒውም ቶሎ ይቀደዳል» አሉኝ። የገዛኋቸውን ጠንካራ አሞርዛተሮች አውልቀው፣ ለመደበኛ አገልግሎት የሚሆኑ ለስላሳዎችን አስገቡ። ሦስቱን ሰዎች መልሰን ስናስቀምጥ መኪናው ሁለት ጣት ያህል ወረደ። የጉልበት ዋጋው አዲስ አበባ በከንቱ ካወጣሁት በታች ነበር።

ስንለያይ «ከዛሬ ጀምሮ ይህ መኪና ከአራት ኩንታል በላይ አይጫንበትም። እሺ?» አሉኝ። «እሺ» አልኩ። ይህችን እሺታ አንባቢ ያስታውስልኝ።

እናቴን በማግሥቱ ደብረ ማርቆስ ወሰድኳት። እኅቴ መሪውን ያዘች፤ እኔ ከእናቴ ጎን ከኋላ ተቀመጥኩ። ተአምር አልሆነም፤ አሮጌ ላንድክሩዘር አውቶሞቢል አይሆንም። ጉድጓዱ ይሰማል፤ ግን አይመታም። አምበርን ስናልፍ እናቴ የወንበሩን ብረት የጨበጠችበትን እጇን ለቀቀችና ነጠላዋን አስተካከለች። ሌላ ምንም አላለችም። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ቀጠሮዋን ያስታወሰችኝ እሷ ነበረች።

ወሬው እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። በጥር 2011 ዓ.ም. አንድ ጎረቤታችን ቆላ ያስወቃውን ጤፍ እንዳመጣለት ለመነኝ። አህያ አነሰው፤ ሌላ መኪናም አጣ። ዘጠኝ ኩንታል ነበር። «አንድ ቀን ምን ያደርጋል» አልኩ። ሲጫን ኋላው ቁጭ ማለቱን በዐይኔ አይቻለሁ፤ ጎማው ፓራፋንጎውን ሊነካ ምንም አልቀረውም ነበር። አቀበቱን አጋምሰን አንድ ቋጥኝ ላይ ስንወጣ ከግራ በኩል ጧ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ባለ ጆሮው ብረት ተሰብሮ አክስሉ ወደ ኋላ ተንሸራቷል። አልሐምዱሊላህ፣ ዝግ ብለን ስለነበር ማንም አልተጎዳም። ቁልቁለት ላይ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍ ሌላ ሰው ነበር። የጎረቤቴ ጤፍ በአህያ እየተመላለሰ ሲወጣ እስከ ምሽት ቆመን ዋልን። ጥፋቱ የመካኒኩ አይደለም፤ የመኪናውም አይደለም፤ «እሺ» ብዬ የረሳሁት እኔ ነኝ።

ማታ ቤት ተሰበሰብን። የማንሸሸው ጥያቄ መጣ። ይህ መኪና ወይ ጤፍ ይጭናል፣ ወይ እናቴን ይጭናል። ሁለቱን ባንድነት እንዲችል አድርጎ መሥራት በሌላው ዓለም አለ፤ ለምሳሌ በአውስትራሊያ የእንዲህ ያለ መኪና ባለቤቶች ለስላሳ ባሌስትራ አድርገው፣ ጭነት ሲኖር ነፋስ የሚሞላ የጎማ ከረጢት በአክስሉ ላይ ያስገጥማሉ። ጥቂት ብረት ብቻ ያለው፣ ብረቶቹም በጫፋቸውና በመካከላቸው እንጂ በሙሉ ገላቸው የማይፋተጉ ባሌስትራም ይሠራል። በእኛ እጅ ግን ያለው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የአባቴ ብረት ብቻ ነበር።

እናቴ ቀድማ ተናገረች። «ብረቱን መልሱት። አባታችሁ ይህን ቤት ያቆመው በዚያ ብረት ነው። እኔ እንደሆነ ለምጄዋለሁ» አለች።

ታላቅ ወንድሜ ዝም አለ። ከንግዱ የሚበላው እሱም ነው፤ አራት ልጆች አሉት። ብዙ ቆይቶ «አባባ ብረቱን ያስጨመሩት እኛን ለማሳደግ ነበር። እኛ አድገናል» አለ። በዚሁ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ እህሉን በኪራይ አይሱዙ ማስመጣት ጀመርን። ትርፋችን ቀነሰ፤ ይህን አልደብቅም። ወንድሜ ልጆቹን ለማስተማር ከእህል ንግዱ ጎን ትንሽ ሱቅ ከፈተ።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ እንዲህ ያለ መኪና በቤታችሁ ካለ ከእኛ ስሕተት ተማሩ። አስቀድማችሁ መኪናው አሁን ማንን እንደሚጭን ወስኑ፤ ትናንት የጫነውን አይደለም። ከዚያ ሌላ ሰው ይንዳላችሁና እናታችሁ ከምትቀመጥበት ተቀመጡ። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የጎማውን ነፋስ ለኩ፤ ቀጥሎ ዝገቱንና ጎሚኒውን እዩ፤ ከዚያ የተጨመረ ብረት መኖሩን ቁጠሩ፤ አሞርዛተር የመጨረሻው ይሁን። ብረት ከወጣ ከሁለቱም ወገን እኩል ይውጣ። ባሌስትራን በኦክስጅን እሳት አግሎ ማለስለስ የሚሉትን አትስሙ፤ ብረቱ ከጋለ ጥንካሬው ይሞታል፣ ድንገትም ይሰበራል። ዩ ቦልቶቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዱ በኋላ ድጋሚ ይጥበቁ። በአንዳንዶቹ መኪናዎች የኋላው ፍሬን የጭነቱን መጠን ከአክስሉ ከፍታ የሚያነብ ዘንግ አለው፤ ከፍታው ሲለወጥ እሱም መስተካከል ይኖርበታል። የፊት መብራቱንም ማስተካከል አትርሱ። ሥራው በሚያውቅ እጅ ይሁን። ከሁሉ በላይ፣ መካኒኩ «ከዚህ በላይ አትጫን» ካለ፣ የጎረቤትም ልመና ቢሆን አትጫኑ።

የተሰበረውን ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ወስጄ ሁለት ቢላዋና አንድ ማጭድ አሠርቼበታለሁ። ቢላዋዎቹ እናቴ ማድ ቤት አሉ፤ ከገበያው ቢላዋ ይልቅ ስለታቸው ይበረክታል ትላለች። በ2011 ዓ.ም. በዒድ ዋዜማ አንደኛውን በጨርቅ ጠቅልላ ለእኅቷ ስጦታ ያዘች። ጠዋት ከሁላችን ቀድማ መኪናው ውስጥ ገብታ ተቀምጣ አገኘኋት።

«እማ፣ ዛሬ ቤት ማን ይጠብቃል?» አልኳት።

«ቤትማ በሩ ይጠብቀው። ንዳ» አለችኝ።